ቬሎውን በአይሱዙ ላክነው

ነገሩ የሆነው ጥር 18 ቀን 2011 ዓ.ም. ነው። ቅዳሜ ዕለት። ጥር መቼም የሰርግ ወር አይደል? ገና ካለፈ በኋላ፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ፣ የሚያገባ ሁሉ ያገባል። እኛም በዚያ ወር ብቻ ሦስት ሰርግ ነበረብን። ሁለቱን እንደ ማንኛውም ዕድምተኛ በልተን፣ ጨፍረን፣ ፎቶ ተነስተን ተመልሰናል። ሦስተኛው ግን ይለያል። የክፍል ጓደኛችን እሁድ ሐዋሳ ላይ ልታገባ ነው፤ አራታችንም ሚዜዎቿ ነን።

እኛ ማለት በጋዜጠኝነት ከተመረቅን ገና ስድስት ወር የሆነን፣ ሁለታችን ሥራ ያለን፣ ሁለታችን ደግሞ ለጠየቀን ሁሉ "እያመለከትን ነው" የምንል አራት የአዲስ አበባ ልጆች ነን። መንጃ ፈቃድ ያላት አንዷ ብቻ ናት። መኪናው የአባቷ ነው። ዲ ኤክስ። በዕድሜ አራታችንንም ይበልጠናል። አባቷ ቁልፉን ሲሰጡን "ይቺ መኪና ስትለምኗት ትሰማለች፣ ስትጮሁባት ግን ታኮርፋለች" ብለውን ነበር። ቀልድ መስሎን ሳቅን።

አምስተኛ ተሳፋሪም ነበረችን። የሙሽራዋ ቬሎ! አዲስ አበባ ተከራይታው፣ ወገቡን ለማስጠበብ ልብስ ሰፊ ዘንድ ቆይቶ፣ የደረሰው አርብ ማታ ነው። እሷ ሐዋሳ ከገባች ሳምንት ሆኗታል። ስለዚህ "እናንተ ትመጡ የለ? ይዛችሁልኝ ኑ" አለችን። ቬሎው በላስቲክ ተጠቅልሎ ከኋላ በተቀመጥነው በሁለታችን ጭን ላይ እንደ ሕፃን ተጋደመ። ያለ እኛ ሰርጉ ይሠረጋል፤ ያለ ቬሎው ግን… እንጃ።

ጠዋት በ12 ሰዓት እንውጣ ተባብለን፣ እንደ ደንባችን በ2 ሰዓት ወጣን።

ሞጆን አልፈን፣ መቂ ሳንደርስ፣ አንድ አሮጌ ፒካፕ ኮፈኑን ከፍቶ መንገድ ዳር ቆሟል። አጠገቡ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ባዶ ጄሪካን ይዘው እጃቸውን ያወዛውዛሉ።

ሾፌራችን እግሯን ከነዳጁ ላይ አነሳች። "እንቁም እንዴ?" አለች።

መልሱ ከሦስት አቅጣጫ መጣ። "ቆመን ምን ልንረዳቸው? ስለ መኪና እንደሆነ አናውቅ።" "ሌላ ሰው ይቆምላቸዋል።" "ዘንድሮ ሰው ይታመናል? ከቁጥቋጦው ጀርባ ማን እንዳለ በምን እናውቃለን?" ሙሽራዋም በዚያው ቅጽበት ደወለችና "የት ደረሳችሁ?" አለች። ነገሩ አለቀ። ነዳጁ ተረገጠ። በስፖኪዮ ስናያቸው ሽማግሌው ጄሪካኑን ዝቅ አደረጉት።

ስለ መኪና አለማወቃችን እውነት ነው። ዘመኑም ደግ ዘመን አልነበረም፤ በዚያ ዓመት "መንገድ ተዘጋ"፣ "እዚህ ቦታ እንዲህ ሆነ" የማይባልበት ሳምንት አልነበረም። ግን አንድ ነገር አለ። ከኋላ መስታወቱ ሥር 6 ትልልቅ ሃይላንድ ውሃ ነበረን። ሰውየው የያዙት ባዶ ጄሪካን ነው። የጎደላቸውን ለማወቅ መካኒክ መሆን አያስፈልግም ነበር።

ባቱ ገባን (ብዙዎቻችን አሁንም ዝዋይ የምንላት)። ባቱ ደርሶ ዓሣ ሳይበሉ ማለፍ ነውር ነው። በላን። ከዚያ አንዷ "እጃችን ዓሣ ዓሣ እየሸተተ ቬሎውን ልንነካ ነው?" ብላ አስደነገጠችን። እየጠጣን ከመጣነው የተረፉትን 3 ሃይላንዶች መንገድ ዳር ቆመን፣ በሳሙና እየታጠብን፣ ጨረስናቸው። ያቺን የእጅ መታጠቢያ ውሃ እስክንሞት አንረሳትም።

*

ከአዳሚ ቱሉ ወጣ እንዳልን ከፊት "ጧ!" የሚል ድምፅ ሰማን። ድንጋይ የፈናጠረ መሰለን። ወዲያው ከመሪው ጀርባ ቀይ መብራት በራ። የባትሪ ምልክት አለው።

"ባትሪ ይላል" አለች ሾፌራችን።

"እሱማ ሐዋሳ ስንደርስ ቻርጅ እናስደርገዋለን" አልናት።

አትሳቁብን! ለእኛ ባትሪ ማለት የስልክ ባትሪ ነው። ዘፈኑን ከፍ አድርገን 5 ኪሎ ሜትር ያህል ነዳን። ከዚያ የሙቀቱ መርፌ ወደ ቀዩ ወጣ፤ ከኮፈኑ ሥር ነጭ ጢስ መሰል ነገር መትጎልጎል ጀመረ። ቆምን። ግራና ቀኙ ግራር ነው። ከሩቅ ፍየሎች። ከዚያ ውጪ ምንም።

ለመኪናው ባለቤት ደወልን። ድምፅ ማጉያው ላይ አድርገን አራታችንም ስልኩን ከበብነው።

"አባዬ፣ መኪናው እየጨሰ ነው!"

"ሞተሩን አጥፊ! አጥፍተሻል? ኮፈኑን ክፈቱ። የራዲያተሩን ክዳን ግን እንዳትነኩ፣ ፊታችሁን ነው የሚልጠው! ሰማሽኝ?"

አንዷ እጇን በፎጣ ጠቅልላ ወደ ክዳኑ እየዘረጋች ነበር። መለሰችው።

"እሺ፣ ችንጋው አለ?"

ተያየን። "ችንጋ ምንድን ነው?"

በስልኩ ውስጥ ረጅም ትንፋሽ ተሰማ። "ልጄ፣ ዩኒቨርሲቲ ምን አስተማሩሽ?"

ለካ ችንጋ ሞተሩ ሲዞር የውሃውን ፖምፓና ባትሪውን የሚሞላውን ዲናሞ አብሮ የሚያዞር የጎማ ቀበቶ ነው። እሱ ሲበጠስ ባትሪው መሞላት ስለሚያቆም መጀመሪያ ቀዩ መብራት ይበራል። ቀጥሎ ውሃው መዞር ስለሚያቆም ሞተሩ ይግላል። ያ መብራት "ቁሙ" እያለን ነበር። ከዚያም ብንብስ ቴስታታው ይጣመምና ወጪው የሰርግ ያህል ይሆን ነበር። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋትም ያው ነው፤ ብረቱን ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ትእዛዙ አጭር ሆነ። "እስኪበርድ ጠብቁ፣ ውሃ ፈልጉ፣ ሰው ለምኑ።"

እስቲ ልብ በሉ። የመኪናችን ቋንቋ ከጣልያን የመጣ ነው። ችንጋ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ፍሬቻ፣ ጎሚስታ… ፊደል ያልቆጠረ የመካኒክ ረዳት አንድ በአንድ ይጠራቸዋል። እኛ ስለ "የብዙኃን መገናኛ ሚና" 60 ገጽ የመመረቂያ ጽሑፍ የጻፍን ሰዎች፣ ሕይወታችን የተንጠለጠለበትን ቀበቶ ስሙን አናውቅም።

ፍየል ጠባቂዎቹ ልጆች መጡ። ሦስት ናቸው፤ ትልቁ 12 ዓመት ቢሆነው ነው። ሳንጠይቃቸው ቅጠልና ድንጋይ ሰብስበው ከመኪናው ኋላ አስፋልቱ ላይ ደረደሩልን። ከኋላ የሚመጣ እንዳይገጨን። ባለ ሦስት ማዕዘኑ ምልክት መኪናው ውስጥ መኖር እንዳለበት እኛ እስከዚያን ሰዓት አላሰብነውም።

ቀጥሎ አንዲት ሴት በአህያ ጋሪ ቢጫ ጄሪካኖች ጭና መጣች። ውሃ! ሮጠን ሄድን። "ውሃ፣ እባክሽ፣ ለመኪናው" አልናት። ፈገግ ብላ ዝም አለች። አማርኛ አትሰማም። እኛ ደግሞ ኦሮምኛ… አራት ሰው ሆነን አንድ ቃል ጠፋን። በመጨረሻ ከመካከላችን አንዷ፣ ጎረቤቶቿ ሲያወሩ ከሰማችው፣ "ቢሻን" የሚለውን አወጣች። የሚያስቀው ጄሪካኑን እያየን፣ በእጃችንም እያመለከትን ነው "ቢሻን፣ ቢሻን" የምንለው። የቀረውን ትልቁ ልጅ አስተረጎመልን።

ሴትየዋ አንድ ሙሉ ጄሪካን አወረደችልን። 20 ሊትር። ባዶውን ከልጁ ጋር እንድንተውላት ነገረችን። 50 ብር ሰጠናት፤ ተቀበለች። ለምን አትቀበል? ያ ውሃ በአህያ ስንት መንገድ እንደመጣ እሷ ናት የምታውቀው። እኛ ያሰብነው የዓሣ ሽታ ያጠብንበትን ነው። "ገለቶማ" የሚለውንም እዚያው ከልጁ ተምረን አመሰገንናት።

*

አሁን ውሃ አለ፤ ችንጋ የለም። አውራ ጎዳናው ላይ ቆመን እጃችንን ማወዛወዝ ጀመርን።

23 መኪና ቆጠርን። ሃያ ሦስት! አንድ ቪ ኤይት ቀዝቀዝ አለና፣ ጥቁሩ መስታወት ውስጥ ማን እንዳለ ሳናይ፣ ተፈተለከ። አንድ ሚኒባስ ቆመና ረዳቱ "ሻሸመኔ፣ ሐዋሳ! አራት ሰው አለ?" አለን። መኪናችንን አሳየነው። "ታዲያ ተዉዋት" ብሎን ሄደ። ሁለት ወጣቶች ያሉበት መኪና ደግሞ ጥሩ አድርጎ ቆመ። "ቆንጆዎች፣ ሁለታችሁን እናድርሳችሁ፣ ሁለታችሁ መኪናውን ጠብቁ" አሉን። ከአራታችን የትኞቹን ሁለት እንደሚወስዱም በዓይናቸው መርጠው ጨርሰዋል። "ሰው እየመጣልን ነው" ብለን ዋሸናቸው። እስኪርቁ ድረስ እጅ ለእጅ ተያይዘን ነበር።

ከሁሉም የከበደን ግን ዝም ብለው የሚያልፉት ናቸው። በመስታወቱ ውስጥ ፊታቸው ይታያል። ቃል በቃል ምን እየተባባሉ እንደሆነ እናውቃለን። "ቆመን ምን ልንረዳቸው?" "ሌላ ሰው ይቆምላቸዋል።" "ሴቶች ናቸው፤ ወጥመድ ቢሆንስ?" በምን አወቃችሁ ካላችሁን፣ ጠዋት ያልነው ነዋ። ልንሳደብ ስንል ስድቡ አፋችን ላይ ይቀራል።

በ9 ሰዓት ተኩል ገደማ የቆመልን አይሱዙ ነው።

አይሱዙን ታውቁታላችሁ። በየከተማው "አልቃይዳ" ተብሎ ስም የወጣለት የጭነት መኪና። እኛ ራሳችን ጠዋት መንገድ ላይ በክላክስ ያዋከበን አንድ አይሱዙ ላይ ስንት ተረት ተርተንበታል። ይሄኛው እስከ አናቱ ሽንኩርት ጭኗል። ሾፌሩ 40 ዓመት የዘለለው፣ አንገቱ ላይ ፎጣ ጣል ያደረገ ሰው ነው። ወርዶ ሰላም አለንና ቀጥታ ወደ ሞተሩ ሄደ።

"ችንጋ ነው" አለ።

"አዎ፣ ችንጋ ነው!" አልን በአንድ ድምፅ፣ የተወለድነው ጋራዥ ውስጥ ይመስል።

"ስቶኪንግ አላችሁ?"

ዝም አልን። አንዳችን ወደ ኋላ ፈቀቅ አለች። እሱም ነገሩ ገባውና ሳቀ። "እህቶቼ፣ ለችንጋው ነው። ናይለን ነው፤ ጠምዝዤ ባስረው ቀስ እያላችሁ ቡልቡላ ያደርሳችኋል።"

ሚዜዎች ነን እኮ! ስቶኪንግ በሻንጣ አለን። አራት አዲስ፣ ለነገ የተገዙ። ሁለቱን ሠዋን። ሰውየው ጠመዘዛቸው፤ ዲናሞውን ትቶ ሞተሩንና የውሃውን ፖምፓ ብቻ አገናኝቶ ቋጠራቸው፤ ከሴትየዋ ጄሪካን ራዲያተሩን ሞላ። "ከ30 በላይ እንዳትነጂ። መርፌው ከፍ ካለ ቁሚ። እኔ ከኋላሽ ነኝ።"

ልንገባ ስንል ደግሞ ጠራን። "ድንጋዩንስ?" ልጆቹ የደረደሩትን ነው። ትተነው ልንሄድ ነበር። "ማታ አንድ ባለ ሞተር ቢመጣበትስ? የሰው ነፍስ ነው። አንሱ።" አንድ በአንድ አነሳነው። ባዶውን ጄሪካን ለልጁ ሰጠን። በስቶኪንግ እየተነዳን፣ ከኋላችን አልቃይዳ እያጀበን፣ ቡልቡላ ገባን።

*

ቡልቡላ ላይ የእኛን ልክ የሚሆን ችንጋ የለም። ሰውየው ባቱ ለሚያውቀው መለዋወጫ ሻጭ ደወለ። ዕቃው አለ፤ 250 ብር። "በሚኒባስ ላክልኝ፣ ልጆቹ ብሩን በሚመለስ ሚኒባስ ይልኩልሃል" አለው። በቃ! ሻጩ አያውቀን፣ አናውቀው። ዕቃው በማናውቀው ረዳት እጅ ይመጣል፣ ብሩ በሌላ በማናውቀው ረዳት እጅ ይሄዳል። ማንም ፊርማ አልጠየቀ።

ችግሩ ሰዓቱ ነው። ከ10 ሰዓት አልፏል። ችንጋው እስኪመጣ፣ እስኪገጠም፣ 12 ሰዓት ይሆናል። ሙሽራዋ ለ9ኛ ጊዜ ደወለች፤ አሁን እያለቀሰች ነው። ቬሎውን ለክታ ልታየው አለባት፤ ካልሆነላት የሚያስተካክልላት ሰው የሚቆየው እስከ ማታ 2 ሰዓት ብቻ ነው። ሰውየው ደግሞ ሽንኩርቱን ሐዋሳ ማራገፍ አለበትና መጠበቅ አይችልም።

"ልብሱን ለእኔ ስጡኝ" አለ። "ጋቢና ውስጥ አንጠልጥዬ አደርስላታለሁ። ወንድሟ መግቢያው ላይ ይቀበለኝ።"

ዞር ብለን ተማከርን። የተማከርነውን ሁሉ ለመጻፍ እናፍራለን። "ይዞት ቢጠፋስ?" "ቬሎ ምን ያደርግለታል?" "ይሸጠዋላ!" "ማስያዣውን ማን ይከፍላል?" አንዷ "አንዳችን አብራው ትሂድ" አለች፤ ሌላዋ "ብቻዋን? በጭራሽ!" አለች። ይሄ ሁሉ ሲሆን ሰውየው እጁ እስከ ክርኑ በእኛ ሞተር ግራሶ ተቀብቶ ቆሟል። በመጨረሻ እሱ ራሱ መንጃ ፈቃዱን አውጥቶ ዘረጋልን። "ፎቶ አንሱት። ታርጋውንም አንሱ። እህት አለኝ፤ ይገባኛል።"

አነሳን። አፍረን፣ ግን አነሳን። ቬሎውን ሰጠነው።

ገንዘብ ስንሰጠው እጃችንን ገፋው። "እኔም የቆምኩ ቀን ሰው ቆሞልኛል" አለ። አንዷ ያን ጊዜ ስለ መቂው ሽማግሌ ልትነግረው አፏን ከፈተች። ከዚያ ዘጋችው። ምን ብለን እንንገረው?

ችንጋው መጣ። አንድ የሰፈሩ ልጅ በ20 ደቂቃ ገጠመው። ብሩን በባቱ ሚኒባስ ላክን፤ ሻጩ ደውሎ "ደርሶኛል፣ በሰላም ግቡ" አለን። ላንጋኖን በጨለማ አለፍናት። አርሲ ነገሌ አካባቢ የሙሽራዋ ስልክ መጣ። አራታችንም ትንፋሻችንን ያዝን።

"ቬሎዬ ደርሷል" አለች። ቆይታ ደግሞ፣ "ግን ለምንድን ነው ሽንኩርት ሽንኩርት የሚሸተው?"

በማግስቱ ሁለታችን ያለ ስቶኪንግ ሚዜ ሆንን። ፎቶው ላይ ያስታውቃል።

*

ከዚያ ወዲህ ዓመታት አልፈዋል። ዛሬ ሞጆን ከባቱ የሚያገናኝ ፈጣን መንገድ አለ። ስጋቱ ግን ከመንገዱ በላይ ፈጥኗል። ያኔ "ወጥመድ ቢሆንስ?" ስንል የሰማነውን ወሬ ነበር የምንደግመው። በእነዚህ የቅርብ ዓመታት ግን በብዙ የአገራችን መንገዶች ላይ መንገደኛ ታግቷል፤ ቤተሰብ ለማስለቀቂያ ገንዘብ ለምኗል። ስለዚህ "ለቆመ ሁሉ ቁሙ" ብለን አንሰብክም። እኛም በጨለማ አንቆምም። ቀን ከሆነና ሰው በአካባቢው ካለ ግን ቢያንስ ቀዝቀዝ እንላለን፤ መስታወቱን ዝቅ አድርገን "ምን ጎደለ?" እንላለን። መቆም ካስፈራን ቀጣዩ ከተማ ገብተን ለትራፊክ ፖሊስ ወይም ለአንድ ጋራዥ እንናገራለን። ከአንድ ደቂቃ በላይ አይወስድም።

ዲ ኤክሷ አሁንም አለች። ውስጧ ሁለት ጄሪካን ውሃ፣ አንድ ትርፍ ችንጋ፣ ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክትና አንድ እሽግ ስቶኪንግ አለ። ባለቤቷ እንደ በፊቱ ቁልፉን ሲሰጡን ይመክሩናል፤ አሁን አንስቅም።

የአይሱዙው ሾፌር የመንጃ ፈቃዱ ፎቶ ስልካችን ውስጥ ለረጅም ጊዜ ነበር። አንድ ቀን ተሰብስበን ስናየው አፈርንና አጠፋነው። ስልክ ቁጥሩን ግን አላጠፋነውም። በየጥሩ "እንኳን አደረሰህ ጋሼ" እንለዋለን። እሱም ሁልጊዜ "ስቶኪንጓ እንዴት ናት?" ይለናል።

ለመቂው ሽማግሌ የምንደውልበት ቁጥር የለንም። ያን ቀን ማን እንደቆመላቸው፣ ውሃውን ከየት እንዳገኙ አናውቅም። የምናውቀው አንድ ነገር ነው። በፊታቸው ስናልፍ 6 ሃይላንድ ውሃ ነበረን።